ከአልጋ ሥር ያለው ሳንዱቅ፦ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሰነዶችን በጅማ እንዴት እናቆይ?

ባለፈው ሰኔ አንድ የሰፈራችን አዛውንት አስጠሩኝ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ናቸው። ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሳንዱቅ ጎትተው አወጡና «ልጄ፣ እኔ ካለፍኩ ይሄ እሳት ማያያዣ ነው የሚሆነው። አንተ እየው» አሉኝ። ክዳኑ ሲነሣ ቀድሞ የመጣው የሻጋታ ሽታ ነው። ከዚያ የጥገና ደብተር፣ የነዳጅ መረከቢያ ደረሰኝ፣ በላስቲክ የታሰሩ ፎቶዎች፣ ጥቅል ኔጋቲቭ፣ የፈቃድ ወረቀቶች ታዩ።

እንዲህ ያለ ሳንዱቅ ጅማ ላይ የእሳቸው ብቻ አይመስለኝም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተማችን የአንድ ትልቅ ግዛት መቀመጫ ነበረች። ሜዳዋም የጣሊያን የጦር አውሮፕላኖች የሚነሡበት ነበር። ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስንት የጅማ ልጅ ቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ ሄዶ አየር ኃይል ውስጥ አገለገለ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ብዙው ሰው የያዘውን ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ስለዚህ የአንድ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ታሪክ ማረፊያው ውስጥ ብቻ አይገኝም። በየቤቱ፣ በየኮርኒሱ፣ በየሳንዱቁ ተበትኗል።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ሳንዱቅ ለደረሰው ሁሉ ነው። ልጅ ሁኑ፣ የታሪክ አስተማሪ ሁኑ፣ የትምህርት ቤት ክበብ ሁኑ፣ ሥራው ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ምንም አታስተካክሉ

ሳንዱቁ ሲከፈት እጃችን ቶሎ ይሮጣል። ፎቶውን ለብቻ፣ ደብዳቤውን ለብቻ ማድረግ ያምረናል። እባካችሁ ቆዩ። የወረቀቶቹ ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው። አንድ ፎቶ በጥገና ደብተር መሐል ከተገኘ፣ ያ ፎቶ የዚያ ወር ሊሆን ይችላል። ካወጣችሁት ግን ስም የሌለው አውሮፕላን ብቻ ሆኖ ይቀራል። የመዝገብ ቤት ሰዎች ሁለት ነገር አጥብቀው ይይዛሉ፦ የአንዱን ሰው ወይም የአንዱን ክፍል ወረቀት ከሌላው አለመቀላቀል፣ የነበረበትንም ተራ አለማፍረስ።

ስለዚህ መጀመሪያ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ሳንዱቁን ከነክዳኑ፣ ከላይ ያለውን ድርብ፣ ቀጥሎ ያለውን። ከዚያ ማን ሰጣችሁ፣ መቼ፣ ከየት ተገኘ የሚለውን በወረቀት ጻፉ። ዛሬ የማይረሳ የሚመስለው ከሁለት ዓመት በኋላ ይጠፋል።

እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ለወረቀት ንጹሕና ደረቅ እጅ ይበቃል። ለፎቶና ለኔጋቲቭ ግን ጓንት አድርጉ፤ የጣት ቅባት ምልክት ይተዋል። ጠረጴዛው ላይ ቡናም ሆነ ሻይ አይኑር። ጅማ ላይ ይህን ማለት ከባድ ነው፣ ግን ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ።

አደገኛውን ለዩ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከጦር ሰፈር የመጣ ዕቃ ሁሉ ወረቀት አይደለም።

ጥይት፣ ቀለህ፣ የቦምብ ፊውዝ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ካገኛችሁ አትነካኩት፣ አታንቀሳቅሱት። ራቅ ብላችሁ ለፖሊስ ደውሉ። ዝገት አደጋውን አያጠፋውም።

ከድሮ አውሮፕላን የተነቀለ ሰዓት ወይም መለኪያ ካለ፣ በተለይ ቁጥሮቹ በጨለማ ያበሩ የነበሩ ከሆነ፣ መስተዋቱን አትክፈቱ። በዚያ ዘመን ለዚህ ሥራ ራዲየም ያለበት ቀለም ይቀቡ ነበር። ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አለ። በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ሰው ከማይተኛበት ቦታ አኑሩትና ባለሙያ ጠይቁ።

ቀጥሎ ፊልም። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ይሠራበት የነበረ አንድ ዓይነት ፊልም ናይትሬት ይባላል። የጣሊያን ዘመን ኔጋቲቭ ካገኛችሁ መጠርጠር ያለባችሁ እሱን ነው። ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል፣ ይጣበቃል፣ መጨረሻ ላይ ይፈረፈራል። አንዴ እሳት ከያዘው ውሃም አያጠፋው፣ ማፈንም አያጠፋው፤ ለቃጠሎ የሚሆነውን ኦክስጅን ከራሱ ያወጣል። በጠባብ ቆርቆሮ አታሽጉት። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለና አየር የሚያገኝ ቦታ፣ ከምድጃና ከመኝታ ርቆ ይቀመጥ። የፊልሙ ጠርዝ ላይ «ሴፍቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ከታተመበት ይህ ስጋት የለም። ያኛው ግን ሌላ በሽታ አለው፦ ሲበላሽ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። አቼቶ የሸተተውን ካልሸተተው ለዩ፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

የጅማ ዋና ጠላት፦ እርጥበት

አዲስ አበባ ላይ ወይም ድሬዳዋ ላይ ለሚኖር ሰው መመሪያ ብጽፍ ከዚህ አልጀምርም ነበር። ጅማ ላይ ግን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል። ልብሳችን ቁም ሳጥን ውስጥ እያለ ሲሻግት እናያለን። ወረቀትም ከዚያ የተለየ ዕድል የለውም።

ሻጋታ የሚመቸው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ነው። ከ50 በታች ብታወርዱት ጥሩ ነው፤ ከ60 በታች ብታቆዩት ግን ለእኛ ከተማ ትልቅ ነገር ነው። አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ፣ ካጡ ከአዲስ አበባ ያስመጡላችኋል። ሣጥኑ አጠገብ አስቀምጣችሁ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ቁጥሩን ጻፉ። የትኛው ክፍል እንደሚሻል ያኔ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

በእኔ ልምድ የሚሻለው የቤቱ መሐል ያለ፣ የውጭ ግድግዳ የሌለው ክፍል ነው። ኮርኒስ ላይ አይሆንም፤ ቆርቆሮው ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ሲያፈስም ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው። ወለል ላይም አይሆንም። ቢያንስ አንድ ስንዝር ከመሬት ከፍ አድርጉ፣ ከግድግዳውም ጥቂት አርቁ። የጭቃ ቤት ከሆነ ምስጥ በግድግዳው ውስጥ መጥቶ ሣጥኑን ከኋላ ሊበላው ይችላል። መደርደሪያው ብረት ቢሆን እመርጣለሁ። የጅማ እንጨት ሥራ የታወቀ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ለዚህ ግን ብረት ይሻላል።

የቡና መጋዘን ውስጥ በጭራሽ አታስቀምጡ። ቡና ራሱ እርጥበት ይስባል፣ አይጥም አይጠፋም።

እርጥበት ለመሳብ ሲሊካ ጄል ይሠራል። በአዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚመጣውን ትንንሽ ከረጢት ሰብስቡ። ግን ከጊዜ በኋላ ይጠግባልና መለወጥ አለበት። ሩዝ አድርጉ የሚሏችሁን አትስሙ፤ የሚጠራው ነቀዝ ነው። ነጭ ጋዝ መርጨትም፣ ናፍታሊን መበተንም አይሆንም። ጋዙ እሳት ነው። ናፍታሊኑም ለሚሠራው ሰው ጤና አይሆንም።

ሳንዱቁ ረጥቦ ከደረሳችሁ ጊዜ የላችሁም። በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ይጀምራል። ፌስታል ውስጥ አታሽጉ። ወረቀቶቹን ጥላ ባለበት ክፍል ዘርጉ፣ ቬንትሌተር ክፈቱ፣ ግን ንፋሱ ቀጥታ ወረቀቱን አይምታው። በገጾች መሐል ያልታተመበት ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት አስገቡና ሲረጥብ ለውጡ። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ይጋባል። ፀሐይ ላይ ማስጣትና በካውያ መተኮስም አይሆንም። የተጣበቁ ፎቶዎችን በጉልበት አትለያዩ፤ የሚላጠው ምስሉ ነው።

ማጽዳት

እዚህ ላይ ትንሽ መሥራት ብዙ ከመሥራት ይሻላል። የሻገተ ወረቀት መጀመሪያ ይድረቅ። እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይቀባባል። ሲደርቅ ደጅ አውጡት፣ ኤን-95 ማስክ አድርጉ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዛችሁ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው።

ላስቲኩን አውጡ። የብረት አግራፍ ይዝጋል፣ ወረቀቱንም ይበላል። በጥርስ አትንቀሉት። ከኋላ የታጠፉትን ሁለት እግሮች በቀጭን ማንኪያ እጀታ አቅኑና ከፊት ሳቡት። በአግራፍ የተያያዙት ገጾች አብረው እንደነበሩ እንዲታወቅ በአንድ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ውስጥ አድርጓቸው።

ብል ወይም ትል ካያችሁ፣ ደረቁን ወረቀት በሁለት ፌስታል አጥብቃችሁ ጠቅልሉና ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ይሁን። መብራት ሄዶ ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ሲወጣ ፌስታሉን ሳትፈቱ አንድ ቀን አቆዩት፤ ጠሉ በውጭ ይቅር። ፎቶና ፊልም ግን በዚህ መንገድ አይግቡ።

የተቀደደ ገጽ በስኮች አትለጥፉ። ላሚኔት ደግሞ ፈጽሞ! ይህን የምለው ከልቤ ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ዘመዴን የአገልግሎት ደብተር ኮፒ እንዲደረግ አንድ ሱቅ ሰጠሁ። ልጁ ለበጎ አስቦ ገጾቹን ገንጥሎ በላሚኔት አተማቸው። አሁን ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል፣ ፕላስቲኩ አይለቅም፣ የደብተሩ ስፌትም የለም። ዛሬም ሳየው ያመኛል።

ማሸግ

አሲድ የሌለው የመዝገብ ቤት ካርቶን ብታገኙ ጥሩ። ካጣችሁ ንጹሕ ካርቶን ውስጡን በነጭ የኮፒ ወረቀት አልብሱት። ለፎቶ አንዳንዶች የፕላስቲክ እጅጌ ይመርጣሉ። እኔ ለጅማ አየር የወረቀት ፖስታ እመርጣለሁ፤ ፕላስቲክ ጠል ከገባው ፎቶው ላይ ይጣበቃል። ትልቁን የሕንፃ ፕላን አትጠፉት፤ ወይ ዘርጉት፣ ወይ ሰፊ ቱቦ ላይ ጠቅልሉት። መጻፍ ካለባችሁ በእርሳስ ብቻ፣ ያውም ፎቶው ወደ ፖስታው ከመግባቱ በፊት ፖስታው ላይ።

ዘመኑን ማወቅ

ለእኔ ከሥራው ሁሉ ደስ የሚለው ይሄ ነው። ቀን የሌለው ወረቀት ዘመኑን የሚናገርበት ብዙ መንገድ አለው።

ማኅተሙን እዩ። ዘውድ የጫነ አንበሳና «ንጉሠ ነገሥት» ካለ ከ1967 ዓ.ም. በፊት ነው። «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» ካለ ከዚያ ወዲህ ነው። «ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» የሚለው ከ1980 እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው አጭር ጊዜ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። መሥሪያ ቤት የድሮ ቅጽ እስኪያልቅ ይጠቀማል፣ ስለዚህ የታተመውን ሳይሆን የተመታውን ማኅተም እመኑ።

አውሮፕላኑን እዩ። የስዊድኑ ሳብ ከሆነ በፈረንጅ ከ1947 ወዲህ ነው፤ ያኔ ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የተባለው ስዊድናዊ አየር ኃይሉን እንደገና ሲያቋቁም ነበር። ኤፍ-86 ከ1960 ወዲህ፣ ኤፍ-5 ከ1966 ወዲህ ነው። ሚግ-21 ካያችሁ ደግሞ የሶማሌ ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው፣ ከ1977 ወዲህ። ፎቶው ከዚያ ቀድሞ ሊሆን አይችልም ማለት ነው፤ ይህ ብቻውን ብዙ ነገር ይፈታል።

የጣሊያን ወረቀት ላይ ከቀኑ ቀጥሎ የሮማ ቁጥር ታያላችሁ። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት ወር 1922 (በፈረንጅ) ጀምሮ የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 28 ላለ ቀን ቁጥሩ ላይ 1922 ጨምሩ። ከጥቅምት 29 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ላለው 1921 ጨምሩ። ለምሳሌ የካቲት፣ ዓመት 18 ካለ በፈረንጅ 1940 ነው፤ በእኛ 1932 ዓ.ም. ይሆናል።

የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ስትለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ጨምሩ። ሁልጊዜ ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ቅዱና የለወጣችሁትን ከጎኑ በቅንፍ ጻፉ። የእናንተ ስሌት ሊሳሳት ይችላል፣ ዋናው ግን መቆየት አለበት።

መዝገቡን መሥራት

ለእያንዳንዱ ጥቅል ስድስት ነገር ጻፉ፦ መለያ ቁጥር፣ ርእስ፣ ያዘጋጀው ሰው ወይም ክፍል፣ ቀን፣ ብዛት፣ እና ይህ ሙሉ ሳንዱቅ ነው ወይስ ፋይል ወይስ አንድ ወረቀት የሚለው። ደብተር ላይም ኤክሴል ላይም ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሰው ሁሉ ሜዳልያውንና የሹመት ደብዳቤውን በክብር ያስቀምጣል፣ የነዳጅ ደረሰኙን ይጥላል። እኔ ደረሰኙን አስቀድማለሁ። ሹመት አንድ ቀን ነው። የነዳጅ ደብተር ግን በየትኛው ሳምንት ስንት አውሮፕላን እንደመጣ፣ መቼ ሜዳው ዝም እንዳለ፣ ማን ፈርሞ እንደተረከበ ይናገራል። የዘበኛ ተረኛ መዝገብ፣ የምግብ ቤት ሒሳብ፣ የመለዋወጫ ጥያቄም እንዲሁ ነው። ማንም ለታሪክ ብሎ ስላልጻፋቸው አስመስለው አይናገሩም።

ቅጂ ማንሣት

ለጽሑፍ 300 ዲፒአይ (የስካነር ጥራት መለኪያ ነው)፣ ለፎቶ 600 ይበቃል። ዋናውን በቲፍ የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፣ ለሰው የምትልኩትን ቀለል ባለው በጄፔግ። ስካነር ከሌለ ስልክም ይሠራል። ደመና ባለበት ቀን መስኮት አጠገብ ዘርጉ፣ ፍላሹን አጥፉ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አኑሩ። የኋላውን ገጽ አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ያለው እዚያ ነው።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከጅማ ውጭ። ፍላሽ ለመላላኪያ እንጂ ለማቆያ አይሆንም። በቴሌግራም የምትልኩት ፎቶ ይጨመቃል፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት።

ሰዎቹ ሳያልፉ

ወረቀት ይጠብቃል፣ ሰው አይጠብቅም። ጋሼን ያናገርኳቸው ከቡና በኋላ ነው፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ አስፈቅጄ። «ስለ አየር ኃይል ይንገሩኝ» ሲባሉ ዝም አሉ። ፎቶውን ሰጥቼ «ጋሼ፣ እዚህ ከግራ ሁለተኛው ማነው?» ስላቸው ግን አንድ ሰዓት አወሩ። ስለዚህ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ከግራ ወደ ቀኝ ስም ጠይቁ፣ የፊት ረድፍ፣ የኋላ ረድፍ። እርግጠኛ ያልሆኑበትን «ሳይሆን አይቀርም» ብለው ከነገሯችሁ እንደዚያው ጻፉ። ኦሮምኛ የሚቀናቸውን ኦቦ ወይም አዴ በኦሮምኛ አናግሩ፤ በተርጓሚ የተነገረ ትዝታ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። እናቶችንም ጠይቁ። የሜዳው ሠራተኛ ልብስ ማን አጠበ፣ ምግቡን ማን አበሰለ?

የጎደለውን ፍለጋና ርክክብ

አንዳንዱ ወረቀት ጅማ የለም። የአየር ላይ ፎቶ ካስፈለጋችሁ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (በፈረንጅ) ያነሡት አለ። ከ8 ሺህ በላይ ካርቶን ላይ ተለጥፎ አዲስ አበባ የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለዘመናት ተረስቶ ቆይቶ የተገኘ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ሮም ያለው የጣሊያን አየር ኃይል የታሪክ ክፍል፣ ለንደን ኪው ያለው የእንግሊዝ ቤተ መዛግብትም መጠየቅ አለባቸው። የጣሊያን ሰነድ ስትፈልጉ ጅማ የሚጻፈው በ«ጂ» ፊደል መሆኑን አትርሱ፤ በ«ጄ» ብቻ ከፈለጋችሁ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ።

ዋናውን ወረቀት ቤት ማቆየት ካቃታችሁ ወመዘክር አለ። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ቅርብ ከፈለጋችሁ የጅማ ሙዚየምንና የጅማ ዩኒቨርሲቲን አማክሩ። «ምስጢር» የሚል ማኅተም ያለበትን፣ የሕክምናና የዲሲፕሊን ፋይልን ኢንተርኔት ላይ አትልቀቁ፤ መጀመሪያ ጠይቁ። ስታስረክቡ ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ቤተሰቡ መጥቶ የማየትና ቅጂ የማግኘት መብት እንዳለው አስጽፉ። ያለ ዝርዝር የተሰጠ ሳንዱቅ ከጠፋ የሚጠየቅለት የለም።

የጋሼ ሳንዱቅ እስካሁን እሳቸው ቤት ነው። ወረቀቱ በካርቶን ገብቶ ብረት መደርደሪያ ላይ ወጥቷል፣ መለኪያዋም አጠገቡ አለች። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሄጄ ቁጥሯን አያለሁ። ባለፈው 58 ትል ነበር። ቀኑንና ቁጥሩን በእርሳስ ጽፈን ዘጋነው።